መክሳትን የፈራችው ፀሐይወርቅ

ፀሐይወርቅን እንቅልፍ የጣላት በቁሟ ነው፤ መቀሱን በቀኝ እጇ፣ ጨርቁን በግራዋ እንደያዘች። የ2007 ዓ.ም. መስቀል ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የዲላ ገበያ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ለልጆቹ የበዓል ልብስ ሊያሰፋ ብትን ጨርቅ ቤቶቹን አጨናንቋል። አንዲት እናት ለሦስት ሴቶች ልጆቿ ሰባት ሜትር አበባማ ጨርቅ አዝዛ ቆማለች። ፀሐይወርቅ ለካች፣ አጠፈች፣ መቀሱን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የሴትዮዋን ጩኸት ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ጨርቁ ደም በደም ሆኗል፤ ከግራ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ተሰንጥቋል።

«ያረቢ! አንቺ ሴት፣ እንደ በቅሎ ቆመሽ መተኛት ጀመርሽ?» እያለች ከጎረቤት ሱቅ ሮጣ የመጣችው ሚስራ ናት። ሚስራ ሳህንና ብርጭቆ፣ ድስትና ባልዲ ትነግዳለች። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ተጋርተው አሥራ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ አንዷ ለቅዳሴ፣ ሌላዋ ለሶላት ስትሄድ አንዷ የሌላዋን ሱቅ ትጠብቃለች። ሚስራ የራሷን ሻሽ ፈትታ እጇን አሰረችላት። ለሴትዮዋም ሌላ ጨርቅ ቆርጣ፣ «አይዞሽ፣ ደክሟት ነው» ብላ ሸኘቻት።

የፀሐይወርቅ እንቅልፍ አዲስ ነገር አልነበረም። በስብከት መሃል፣ በለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይጥላታል። ከሱቋ እስከ ቤቷ ያለችውን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትወጣትም። በሕማማት መስገድ ካቆመች አምስት ዓመቷ ነው። ከተማው ግን ይህን እንደ ሕመም ቆጥሮት አያውቅም። «ደልቷታል» ይላል ሰው፤ «ባሏን ፈትታ እንኳ አምሮባት የምትኖር ሴት»። እሷም ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች እንጂ አታስተባብልም።

ቁስሉ ግን አልድን አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ፣ ጠርዙ ጠቁሮ መሃሉ እንደረጠበ ቀረ። አንድ ልጅ አለቻት፣ ውዳሴ የምትባል፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት የደረሰች። ውዳሴ አንድ ቀን ፋሻውን ፈትታ አየችና የእናቷን ነጠላ አመጣች። «ተነሺ፣ እማዬ። ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ስኳሯ ሦስት መቶ አርባ ተገኘ። ሚዛን ላይ ስትወጣ መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ቀን ቀን ስለሚጥላት እንቅልፍ፣ ስለ ማንኮራፋቷ፣ እያቃጠለ ስለሚያስነሳት ቃር አንድ በአንድ ጠየቃት። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ፣ «እናቴ፣ ሲተኙ ውፍረቱ ጉሮሮዎን ይዘጋዋል» አላት። «ትንፋሽዎ እየተቆረጠ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ነው የሚያድሩት። ቀን የሚጥልዎት ለዚህ ነው። ስኳሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።»

መድኃኒት ተሰጣት፤ የምትበላውና የማትበላው ተነገራት። ቁስሉ በጥቅምት መጨረሻ ገጠመ። ክብደቷ ግን ስምንት ኪሎ ቀንሶ፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፋ ሲል፣ ፀሐይወርቅ የተነገራትን ሁሉ እርግፍ አድርጋ ተወችው። በሦስት ሳምንት ስምንቱም ኪሎ ተመለሰ። ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ውዳሴ ለምን ብላ ብትጠይቃት፣ «ደከመኝ» ብቻ ነው መልሷ።

ወጣቱ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ የላካት ያኔ ነው። ከውጭ ተምሮ የተመለሰ፣ ውፍረትን በቀዶ ጥገና የሚያክም ዶክተር ወልደዮሐንስ የሚባል ሐኪም መኖሩን ነገራት። ፀሐይወርቅ ለቤት ማደሻ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ከባንክ አወጣች፤ በኅዳር እናትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ዶክተር ወልደዮሐንስ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዋንና ጨጓራዋን አየ። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ በእስክሪብቶ አራት ጨጓራ ሣለላት።

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ መንገዱ አንድ አይደለም» አላት። «የመጀመሪያው ፊኛ ነው። በአፍ አስገብተን ጨጓራ ውስጥ እንነፋዋለን፤ ቦታ ስለሚይዝ ቶሎ ያጠግባል። በስድስት ወሩ ይወጣል። አሥር፣ አሥራ አምስት ኪሎ ይቀንስ ይሆናል፤ ከወጣ በኋላ ግን ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል። ሁለተኛው ቀለበት ነው። የጨጓራን አንገት ጠበቅ አድርጎ ያስራል። በየጊዜው እየመጡ ማስጠበቅና ማላላት አለ፤ ከዲላ ለሚመላለስ ሰው አይመችም። እኔም አሁን አልሠራውም፤ ካሠሩት ውስጥ ብዙዎቹ አስወጥተውታል።»

ሦስተኛውን ሥዕል በጣቱ ነካ። «ይህ ደግሞ ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጠን ከአራት እጅ ሦስቱን እናወጣለን። የሚቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ይሆናል። የተቆረጠው አይመለስም። አራተኛው፣ ከላይ የእንቁላል ያህል ጨጓራ ለይተን በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋር እናገናኘዋለን። ምግቡ ዋናውን ጨጓራ ሳይነካ ዞሮ ያልፋል።»

ፀሐይወርቅ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሥዕሉ ገባት። «ስለዚህ ሦስተኛው ቆርጦ መስፋት፣ አራተኛው መንገድ ማዞር ነው።»

«ከዚህ የተሻለ እኔም አላስረዳም» ብሎ ሳቀ ሐኪሙ። «በእርስዎ ሁኔታ እኔ የማዘነብለው ወደ አራተኛው ነው። ስኳር ላይ ኃይለኛ ነው። ደግሞም የጉሮሮዎ የታችኛው ክፍል በቃር ቆስሏል፤ እጅጌው ቃርን ሊያብስ ይችላል፣ ማዞሩ ግን ያስታግሠዋል። ዕዳ ግን አለው። ቫይታሚንና ብረት ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። ካቋረጡ ደምዎ ያልቃል፣ አጥንትዎ ይሳሳል፣ እግርዎ ይደነዝዛል። ይህን የምልዎ እንዲያስፈራዎት ሳይሆን፣ መድኃኒቱ ዲላ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ከአሁኑ እንዲያስቡት ነው።»

«ስንት ኪሎ እቀራለሁ?»

«በሁለቱም ቢሆን፣ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ።»

የፀሐይወርቅ ፊት ተለወጠ። ውዳሴ ደስ ብሏት ክንዷን ስትይዛት፣ እናቷ ክንዷን አላቀቀች።

«ፊኛውን አድርግልኝ፣ ዶክተር» አለች ፀሐይወርቅ። «የሚወጣውን።»

«እንዲህ ላለ ስኳር ፊኛ አይበቃም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው አስቤበት እመለሳለሁ።»

አስባ ለመመለስ አራት ወር ፈጀባት። በእነዚያ ወራት ውዳሴ ከእናቷ ጋር ያልተጣላችበት ሳምንት የለም። አንድ ሳምንት ፀሐይወርቅ «እጅጌው ይሻለኛል፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ያልቃል፣ ክኒን ስለቅም አልኖርም» ትላለች፤ ውዳሴ ቃሩን ታስታውሳታለች። በሌላው ሳምንት «ማዞሩ ይሁን» ብላ ትስማማና፣ ስልክ ይደወል ሲባል ራስ ምታት ይነሳባታል። በመጨረሻ ሁልጊዜ የምትመለሰው ወደዚያው ወደ ፊኛው ነው። ሚስራ በበኩሏ፣ «ፈጣሪ የሰጠሽን ሆድ ምን ታስቆርጪዋለሽ? ደግሞስ ብትከሺ ሰው ምን ይልሻል?» አለቻት። ሚስራ ለደግ ብላ ነው፤ ያቺ ቃል ግን ፀሐይወርቅ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ነገሩ የፈነዳው በየካቲት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሁለቱ ምሳ ቀርበዋል። ውዳሴ እናቷ እየበላች ሳለ አንገቷ ዘንበል ሲል አየች፤ ጉርሻው ጉሮሮዋን ሊዘጋ ሲል ጀርባዋን መታቻት። ፀሐይወርቅ ሳለች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ልትበላ እጇን ስትሰድ ልጅቷ ትሪውን ሳበችው።

«ሞተሽ ላገኝሽ ነው? የኔ ዕጣ ይሄ ነው?» አለች እያለቀሰች። «ስንት ሐኪም ነገረሽ! ቀነስሽ ብዬ ደስ ሲለኝ ሆን ብለሽ ትመልሺዋለሽ። አይቼሻለሁ እኮ፣ እማዬ። ሳይርብሽ ነው የምትበዪው። ለምንድን ነው መክሳት የማትፈልጊው?»

ፀሐይወርቅ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ፣ «አክስትሽ አትጠገብ በሳንባ አልሞተችም» አለች።

ውዳሴ አክስቷን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቃት። እናቷ ስትነግራት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። አትጠገብ የፀሐይወርቅ ታላቅ ናት፤ ሞያሌ ላይ አግብታ ሄደች። በ1984 ዓ.ም. ስትመለስ፣ ከመኪናው ስትወርድ እናቷ አላወቀቻትም። እንደ ክር ቀጥናለች። የዚያን ጊዜ የበሽታው ስም በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ አይጠራም፤ መድኃኒትም የለውም። እናትየው ለአትጠገብ የብቻዋ ሳህን፣ የብቻዋ ኩባያ ለየችላት። ገላዋን የምታጥባት፣ የቆሰለ አፏን በጨው ውሃ የምትጠርግላት፣ በማንኪያ የምታጎርሳት የሃያ ዓመቷ ፀሐይወርቅ ነበረች። አትጠገብ በ1985 ነሐሴ ላይ አረፈች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ግን ሟቿን ቀብሮ ሲያበቃ ዓይኑን ወደ ፀሐይወርቅ አዞረ። ከተፈጥሮዋ ቀጭን ነበረች።

«የአንገቴን አጥንት ነው የሚያዩት» አለች ፀሐይወርቅ። «ሽማግሌ የላከብኝ ልጅ ነበር። የአርባዋ ተዝካር በወጣበት ሳምንት ሽማግሌዎቹን አስመለሰ። ‹እሷም እንደ እህቷ ሳትሆን አትቀርም› ብሎ። ያን ጊዜ አያትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ብዪ። ሰው እያየ ብዪ።› ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ቆጮ በቅቤ፣ ማታ አጥሚት። ሆዴ እምቢ ሲል እያለቀሰች ታጎርሰኝ ነበር። በዓመቱ ጉንጬ ሲሞላ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄዳ ከሴቶች ሁሉ ፊት አቆመችኝ። ሰው፣ ‹ይህችስ ደህና ናት› አለ። ከዚያ አባትሽን አገባሁ፣ አንቺ ተወለድሽ። ከዚያ ወዲህ ቀሚሴ በሰፋ ቁጥር መስታወት ውስጥ የማየው አትጠገብን ነው።»

ውዳሴ እንባዋን ጠረገች። «አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ቁስሏን በባዶ እጄ ነበር የምጠርገው፣ ልጄ። ምን ብዬ ልመርመር?»

ውዳሴ ነርስ ልትሆን የምትማር ልጅ ናት፤ የምትናገረው ብዙ ነበራት። ሁሉንም ትታ ከእናቷ ጎን መጥታ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ቆይታ፣ «ዶክተሩ ይህን ማወቅ አለበት» አለች።

ዐቢይ ጾም ነበርና ፀሐይወርቅ ከመሄዷ በፊት የንስሐ አባቷን አባ ገብረኪዳንን አነጋገረች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በቀን የምትበላው ጥቂት ማንኪያ ስለሚሆን ያ ጥቂት እንቁላልና ወተት፣ ዓሣና ሥጋ መሆን እንዳለበት ተነግሯታል። የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ደግሞ ተከትለው ይመጣሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም ሽራ አታውቅም።

አባ ገብረኪዳን አዳመጧትና፣ «ሐኪሙ ያዘዘሽን ብዪ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ» አሏት። «ሲጠነክርሽ ተመልሰን እንነጋገራለን። ለበሽተኛ ጸሎቱ ይበቃል።»

«ሰው ሲያየኝስ አባቴ? በፍልሰታ ወተት ስጠጣ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱና በክርስትና ስሟ ጠሯት። «ወለተ ማርያም፣ አንቺን አርባ ዓመት አውቅሻለሁ። ከምግብ ጾመሻል፤ ሰው ምን ይለኛል ከማለት ግን አንድ ቀን ጾመሽ አታውቂም። ዘንድሮ እሱን ጹሚ።»

በመጋቢት መጨረሻ እንደገና ዶክተር ወልደዮሐንስ ፊት ተቀመጠች። አሁን ሁሉንም ነገረችው፤ እህቷን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ገንፎውን፣ ፊኛውን ለምን እንደመረጠች። ሐኪሙ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ይህን በኅዳር ቢነግሩኝ ኖሮ ፊኛና ቀለበት ስተነትን ባልዋልኩ» አለ። «እውነቱን ልንገርዎ። መክሳትዎን ለሰው እንዳይታይ አድርጎ የሚያከሳ ቀዶ ጥገና የለኝም። ሁለቱም ያከሳሉ። ፊትዎ ይጨማደዳል፣ ፀጉርዎ ለጥቂት ወራት ይረግፋል። ሰውም ያወራል። መምረጥ የሚችሉት ከዚያ በታች ያለውን ነው፤ ስኳርዎን፣ ቃርዎን፣ ክኒኑን።»

ፀሐይወርቅ አሰበች። እጅጌው ሥራው አጠር ያለ ነው፤ የዕድሜ ልክ ክትትሉም ቀለል ይላል። ግን የቆሰለ ጉሮሮዋን ይዛ በቃር ላይ ቃር መጨመር አልፈለገችም። ደግሞ ስኳሩ። እናቷ ዓይኗ ጠፍቶ በሰው እጅ እየተመራች የሞተችው በስኳር ነበር። «ክኒን መዋጥ ልማድ ነው፤ እኔ በየቀኑ የማልዘነጋው ስንት ነገር አለ» አለች። «መንገዱን አዙርልኝ፣ ዶክተር።»

ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ አለ፤ የፈራችውም ምርመራ አብሮ አለበት። ውጤቱን የነገረቻት ነርስ ድምፅ የለዘበ ነበር፤ ከቫይረሱ ነጻ ናት። ፀሐይወርቅ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ውዳሴ የደስታ መስሏት ስታቅፋት፣ «እሷ ሞታ እኔ ደህና በመሆኔ ደስ አለኝ፤ አፈርኩ» አለቻት።

ትንሣኤ አልፎ በግንቦት ተሠራች። ሆዷ ላይ አምስት ትናንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን እንደ ቀዳዳዎቹ ትንሽ አልነበሩም። ለሳምንታት የምትወስደው በሻይ ማንኪያ የሚለካ ሾርባና ወተት ነው። አንድ ጊዜ የሰው ሠርግ ላይ ለወጉ ብላ ለስላሳ ብትጠጣ፣ ልቧ እንደ ከበሮ እየመታ፣ ላብ በላብ ሆና ሰው ደግፎ አስወጣት፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር ያለው መጠጥ አልነካችም። በነሐሴ ፀጉሯ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣ ጀመር። ቫይታሚኑ ዲላ ሲጠፋ ውዳሴ ሐዋሳ ላሉ የክፍል ጓደኞቿ እየደወለች ታስልካለች።

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቀን ከሱቋ ተነስታ ዳገቷን ወጥታ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ፣ መሃል መንገድ ላይ ማረፍ እንደረሳች ትዝ አላት። ቀን እንቅልፍ መጣሉን ተወ። የስኳር ክኒኗ ተቀነሰላት፣ ኋላም ቆመ። ለፈተና ስትዘጋጅ የምታመሸው ውዳሴ አንድ ጠዋት፣ «ትናንት አላንኮራፋሽም፤ ዝምታው አስፈርቶኝ በር ከፍቼ አየሁሽ» አለቻት፤ እናትና ልጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሐኪሙ እንዳለው ሰውም አወራ። ፀሐይወርቅ ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን ትናገራለች፤ «ጨጓራዬን ተሠርቼ ነው።» ማንም አያምናትም። «ገንዘቡን ከፍሎ የሚከሳ ሰው ደግሞ የት አገር አለ?» ይላሉ ዞር ሲሉ። በማኅበር ቀን ፀሐይወርቅ አንዲት ሴት የእሷን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ አንስታ ለብቻ ስታስቀምጥ አየቻት። የአትጠገብ ኩባያ ትዝ ብሏት ማኅበሩ ሳያልቅ ተነስታ ወጣች። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈተችም። ሚስራ ግን ከቤቷ ድረስ መጥታ፣ «ወላሂ እኔ ነኝ ያስፈራሁሽ፣ አፌ ይቆረጥ» ብላ ጎትታ አወጣቻት። ከዚያ ወዲህ ሚስራ ሱቅ ውስጥ ስለ ፀሐይወርቅ ያንሾካሾከ ደንበኛ ሳህን ሳይገዛ ተሰድቦ ይወጣል።

በታኅሣሥ 2008 ቡና ተለቅሞ ገበያው በሞቀበት ወቅት፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ሴት ሱቅ ገባች። ሁለት ሜትር ጨርቅ አስቆረጠች። ከፍላ አልሄደችም። ሌላ ጨርቅ እንደምትመርጥ እየዳበሰች፣ ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፤ አማርኛዋ የጌዴኦ ቅላጼ አለው። «አንተ… አንቺ መድኃኒቱን የት ነው የምትወስጂው?»

«የምን መድኃኒት?»

ሴትየዋ ዙሪያዋን አየች። «እኔ ወርቂቱ እባላለሁ። ከፍስሐ ገነት ነው የመጣሁት። ሰው አንቺን ሲያወራ ሰማሁ። ከስቶ ነበር፣ ሊሞት ነው አሉ፤ አሁን ግን ፊትሽ ጥሩ ነው፣ ዳገት ትወጪያለሽ። እኔም ተመርምሬ ነው። ወረቀት ሰጡኝ፤ ሁለት ወር ደበቅኩት። እዚያ ጤና ጣቢያ የባሌ ዘመድ ይሠራል። እዚህ ደግሞ ማንን ልጠይቅ?»

የፀሐይወርቅ ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ወሬዋ ፍስሐ ገነት ድረስ ደርሷል። «ማነው እንዲህ ያለሽ?» ልትል አፏን ከፈተች። ወርቂቱ ግን ልጁን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ተንሸራተተ፤ የአንገቷ አጥንት ታየ።

ፀሐይወርቅ በርጩማውን ሳበችላት። «ተቀመጪ» አለች። «እኔ አይደለሁም፣ ልጄ። እህቴ ነበረች። አትጠገብ ትባላለች። በእሷ ጊዜ መድኃኒት አልነበረም።»

የእህቷን ነገር በሱቋ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ወርቂቱ ደንግጣ ልነሳ አለች። «ይቅርታ፣ እትዬ፣ አላወቅሁም…»

«ምን ይቅርታ አለው? ወረቀቱን ይዘሻል?»

ይዛዋለች፤ መቀነቷ ውስጥ ታጥፎ ላብ አርሶታል። ፀሐይወርቅ ሳንቃውን ዘጋች። ሚስራ ከደጃፏ፣ «በዚህ ገበያ ወዴት ነው?» ብትላት፣ «ሆስፒታል፤ ሱቁን እዪልኝ» አለች። ሚስራ ሴትዮዋን አየች፣ ፀሐይወርቅን አየች። ገባት። ከሆስፒታሉ ክፍሎች መካከል ይህ መድኃኒት የሚሰጥባትን ክፍል ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ ደጃፏ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ ስሙ በየቤቱ ይነሳል።

«ፀሐዬ፣ እኔ ልውሰዳት» አለች ሚስራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይሆንም። ወደ እኔ ነው የመጣችው።»

አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ወርቂቱ ስትገባ ፀሐይወርቅ ልጁን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጥቂት ወራት በፊት ጭኗ ላይ ለልጅ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ሆዷ ይዞት ነበር። ያኔ ነው ያቺ በማኅበሩ ቀን ብርጭቆዋን የለየች ሴት በግቢው ስታልፍ ያየቻት። ሴትዮዋ እርምጃዋን ገታ አድርጋ የክፍሉን በር አነበበች። ፀሐይወርቅ የሕፃኑን አፍንጫ እየጠረገች፣ «እንደምን ዋልሽ?» አለቻት፤ ስሟን ጠርታ። ሴትዮዋ መልሳ ሰላም ሳትል አለፈች።

ወሬው ለሁለት ወር ያህል ባሰ። አንዳንድ ደንበኛ ቀረ፤ ሌላው ጨርቅ ፍለጋ ሲመጣ ተመለሰ። ወርቂቱ በየወሩ እየመጣች መድኃኒቷን ወስዳ ከፀሐይወርቅ ጋር ምሳ በልታ ትሄዳለች። ልጇ ተመርምሮ ነጻ ሆነ። ለባሏም ነገረችው፤ ሦስት ቀን ከቤት ጠፍቶ በአራተኛው ቀን ራሱ ሊመረመር መጣ። በየካቲት ፀሐይወርቅ አባ ገብረኪዳንን አስጠርታ ለአትጠገብ ጸሎት አስደረገች፤ ሲያልቅ በተሰበሰበው ሰው ፊት እህቷ በምን እንደሞተች ተናገረች። አንዲት አሮጊት ተነስተው፣ «የኔም ልጅ በዚያው ነው» አሉ። ብዙዎቹ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ወጡ።

በግንቦት ዓመቷ ሞልቶ ለክትትል አዲስ አበባ ሄደች። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ። ስኳሯ ያለ ክኒን ደህና ነው፤ ብረቷ ግን ወርዷል። በሁዳዴ ጾም መጨረሻ ሳምንታት እንቁላሉን ሸሸግ አድርጋ ትታው ነበርና ዶክተር ወልደዮሐንስ ተቆጣት። እሷም እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

ሐኪሙ ጋ ከመግባቷ በፊት ውጪ ወረፋ ስትጠብቅ አብራት የተቀመጠች ወፍራም ወጣት ሴት ነበረች፤ እጇ ላይ አራት ጨጓራ የተሣለበት ወረቀት ይዛለች። ፀሐይወርቅ እንደተሠራች ስታውቅ ተጠጋቻት።

«እባክዎ፣ የትኛው ይሻላል? እህቴ እጅጌውን ተሠሪ ትለኛለች፤ እኔ ግን ፊኛውን…»

«የኔን ላንቺ አልመርጥልሽም» አለች ፀሐይወርቅ። «እኔ ቃርና ስኳር ነበረብኝ። አንቺ ሌላ ነሽ፤ ይህን ሐኪሙ ያውቅልሻል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከመምረጥሽ በፊት የምትፈሪውን ንገሪው። እኔ ደብቄው አራት ወር አቃጠልኩ።»

ወጣቷ ወረቀቱን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። «ብዙ ነው የምፈራው» አለች።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለች ፀሐይወርቅ፤ ቦርሳዋን ከመካከላቸው አንስታ ወደ ወጣቷ ተጠጋች። «ተራሽ እስኪደርስ ለኔ ንገሪኝ።»